አባቴ «ሞራ ነው» ብለው ሦስት ዓመት ጠበቁ፤ አሁን ግላኮማ ተባሉ። ምን ይሻላል?

የደምበጫው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አባቴ ግን ከደምበጫ ወጣ ብሎ ገጠር ናቸው፤ 68 ዓመታቸው ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ እናንተም ቤት ያለ ነገር ሊሆን ይችላል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ አባቴ ላይ ቅሬታ መጣ። ቅሬታው ስለ ዓይን አልነበረም። «ሰው መናቅ ጀምሯል፣ ሰላም ስለው ዘግቶኝ ያልፋል» የሚል ነበር። አንድ የሚካኤል ማኅበርተኛቸው ከገበያ ሲመለሱ በግራ በኩል መጥተው «እንዴት ዋልህ» ይሏቸዋል፤ አባቴ ዝም ብለው ይሄዳሉ። አንዴ ቢሆን ደግ፣ ሦስት አራት ጊዜ ሆነ። እኛ አገር ሰላምታ መንፈግ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰውየው ተቀየሙ፤ ነገሩ ማኅበር ላይ ተነሳ። አባቴ «በሚካኤል፣ አላየሁህም» ብለው ማሉ። ማንም አላመናቸውም። እኔም ልጃቸው አላመንኳቸውም። ምክንያቱም ፊት ለፊት ያለውን ጥርት አድርገው ያያሉ። በመነጽር ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ከማሳ ማዶ የቆመችው ጥጃ የማን እንደሆነች ይለያሉ። እንዲህ የሚያይ ሰው እንዴት አጠገቡ የቆመ ሰው አላየሁም ይላል?

ከዚያ ግራ ትከሻቸውን የበሩ መቃን ይመታቸው ጀመር። ቡና ላይ ሲኒያቸውን ሊያነሱ ሲሉ በጎን ያለውን የእናቴን ሲኒ በክርናቸው ይደፋሉ። ሲመሻሽ ከቤት መውጣት ተዉ። ጎረቤቱ ሁሉ «ሞራ ነው፣ የዓይን ሕክምና ዘመቻ ሲመጣ ትገፈፋለህ» አላቸው። እኛም አመንን። ዘመቻ ስንጠብቅ፣ አንዱ ሲያመልጠን፣ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ፣ ሦስት ዓመት ሞላ።

ባለፈው ወር ይዣቸው ሄድኩ። ግፊት ተለኩ፤ ካርዱ ላይ ቀኝ 31፣ ግራ 38 ተጻፈ። ከሥሩ ደግሞ 0.7 እና 0.9 የሚል አለ። ባለሙያው «ሞራው ትንሽ ነው፣ ዋናው ግላኮማ ነው፣ ግራው ብዙ ሄዷል» አለኝ። ወረፋው ረጅም ነበርና ሌላ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘሁም። ሁለት ጠብታ ታዘዘ፤ ቲሞሎል ጠዋትና ማታ፣ ላታኖፕሮስት ማታ ብቻ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጠይቃቸው ብሄድ ጠብታውን ትተውታል። «ይሄ ውኃ ነው፣ ምንም የጨመረልኝ ብርሃን የለም» አሉኝ። ብልቃጦቹን መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታቸው አገኘኋቸው። አሁን ጸበል ልሂድ እያሉ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የጠፋው እይታ ይመለሳል? እነዚያ ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው? ቀዶ ጥገና ቢደረግላቸው ይሻላል? አባቴን በምን ቋንቋ ላሳምናቸው? የሚያውቅ ሰው እባካችሁ መልሱልኝ።

የዓይን ነርስ፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ አባትህ እውነታቸውን ነው። አላዩትም። ግላኮማ በብዛት የሚጀምረው ከዳር ነው። መሐሉ እስከ መጨረሻ ሊቆይ ይችላል፤ ለዚህ ነው ዳዊት እያነበቡ በጎናቸው የመጣውን ሰው የማያዩት። አያምም፣ አያሳክክም፣ አይቀላም። አንዱ ዓይን ሲደክም ሌላው ይሸፍንለታል። እና ሰውየው ራሱ አያውቅም። ከሁሉ በፊት ይሄን ለማኅበርተኛቸው ንገርልኝ፤ ሰው በበሽታው ላይ ቂም ሊጨመርበት አይገባም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። የጠፋው አይመለስም። ይሄን ስጽፍልህ ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ግን ሰዎች ጠብታውን የሚተዉት ይሄ ስላልተነገራቸው ነው። ሞራ ማለት የዓይን ሌንስ ሲደፈርስ ነው፤ የደፈረሰው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል፣ ሰውየው በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ያያል። ሰው ሁሉ ዘመቻ ላይ ያየው ይሄንን ነው፣ ስለዚህ የዓይን ሕክምና ማለት «ማየት» ይመስለዋል። ግላኮማ ሌላ ነው። የሚጎዳው ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚወስደው ነርቭ ነው። እሱ አንዴ ከሞተ የሚተካው የለም።

እኔ የገጠር አባቶችን የማስረዳው በእርከን ነው። ማሳህን ጎርፍ ቦረቦረው እንበል። እርከን ብትሠራ የሄደው አፈር ይመለሳል? አይመለስም። ታዲያ ለምን ትሠራለህ? የቀረው እንዳይሄድ። ጠብታውም እርከን ነው። ይሄን ስላቸው ብዙዎቹ ወዲያው ይገባቸዋል፤ አንዳንዱ «እንዲያማ ከሆነ መጀመሪያ ለምን አልተነገረኝም» ብሎ ይቆጣኛል። ልክ ነው።

ቁጥሮቹ። 31 እና 38 የዓይን ውስጥ ግፊት ነው። በአብዛኛው ሰው ከ10 እስከ 21 ነው። ከደም ግፊት ጋር አንድ አይደለም፣ «የደም ግፊቴ ደህና ነው» ብሎ የሚዘናጋ አለ። ዓይን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመረት ውኃ አለ፤ እንባ አይደለም፣ ውስጥ ያለ ነው። መውጫ ቦዩ ሲደፈን ውኃው ይጠራቀምና ነርቩን ይጫነዋል። 0.7 እና 0.9 የነርቩ መሐል ምን ያህል እንደጎደጎደ ነው። ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ 0.3 አካባቢ ነው። ወደ 1 በቀረበ ቁጥር የቀረው ትንሽ ነው። እንግዲህ ግራው በጣም ተጎድቷል፤ ቀኙ ግን ገና የሚጠበቅ ነገር አለው። አሁን ጦርነቱ ለቀኙ ዓይን ነው።

አንድ ነገር ሳትውል ሳታድር ጠይቃቸው፦ አስም ወይም ሲተነፍሱ ፉጨት ነገር አለባቸው? የልብ ምታቸው ቀርፋፋ ነው ተብለው ያውቃሉ? ቲሞሎል ለነዚህ ሰዎች አደገኛ ሊሆን ይችላል። ካለባቸው ላዘዘው ሐኪም ንገር፣ ይቀይርላቸዋል።

ሞጣ ነኝ

እኔ የምጽፈው ነርሷ ስለ አስም ስላነሱ ነው። እናቴ ላይ የሆነው ይሄው ነው። ቲሞሎል በጀመረች በሁለተኛው ቀን ሌሊት ደረቷ ተዘጋ። እኛ ብርድ መሰለን። ማን የዓይን ጠብታ ሳንባ ይደርሳል ብሎ ያስባል? ሲታዘዝላት አስም አለብሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም፣ እሷም ለዓይን መጥታ ስለ ደረቷ አላወራችም። ተቀየረላት፣ አሁን ደህና ናት።

ጠብታው ከዓይን ወደ አፍንጫ በምትወርድ ቀዳዳ አልፎ ጉሮሮ ይደርሳል። የሚመረው ለዚያ ነው። ሐኪሟ ያሳየን እንዲህ ነው፦ እጅ መታጠብ። ወደ ኋላ ቀና ማለት ወይም መጋደም። የታችኛውን ሽፋን በጣት ሳብ ማድረግ፣ ኪስ ትሠራለች። እዚያች ኪስ ውስጥ አንዲት ጠብታ፣ አንዲት ብቻ። የብልቃጡ አፍ ዓይንም ሽፋሽፍትም እንዳይነካ። ከዚያ ዓይን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለችውን የዓይን ጥግ በጣት ጫን አድርጎ ሁለት ደቂቃ መቆየት። እናቴ ሁለት ደቂቃውን የምትለካው በአባታችን ሆይና በእመቤታችን ነው፣ ቀስ ብላ እየደጋገመች። ሌላ ጠብታ ካለ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ነው፤ አለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ይወስደዋል።

እጇ ይንቀጠቀጣልና ግማሹ ጉንጯ ላይ ይፈስ ነበር። አሁን የታናሽ እህቴ ልጅ ናት የምትጨምርላት፣ የ12 ዓመት ልጅ ናት። አባትህ ብቻቸውን ከሆኑ ጠብታው ዓይናቸው ውስጥ መግባቱን ራስህ ቆመህ እይ።

የቡሬ ልጅ

ይቅርታ ግን የሚመር ነገር ልናገር። አጎቴ ለዚሁ በሽታ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ጭራሽ ማየት አቆመ። ጠብታ ብቻ ይሻላል ባይ ነኝ። ሰዎች ሳታጣሩ ዓይናችሁን አታስነኩ።

የዓይን ነርስ፣ ባሕር ዳር

የቡሬ ልጅ፣ ስለ አጎትህ በጣም አዝናለሁ። ሳላየው ስለሱ ዓይን መፍረድ አልችልም። በጥቅሉ ግን እንዲህ ነው። የግላኮማ ቀዶ ጥገና ለዚያ ውኃ አዲስ መውጫ መክፈት ነው። ዓላማው ግፊቱን ማውረድ ነው፣ እይታ መመለስ አይደለም። እንደማንኛውም ቀዶ ጥገና አደጋ አለው፤ ነርቩ ጫፍ ላይ በደረሰ ሰው ላይ ደግሞ የቀረችው ትንሽ ብርሃን የምትጠፋበት ጊዜ አለ። ይሄ ከመተኛቱ በፊት ለታማሚውም ለቤተሰቡም በግልጽ መነገር አለበት።

ግን «ጠብታ ብቻ» ለሁሉም አይሆንም። ጠብታ የዕድሜ ልክ ነው። መድኃኒት ቤት ሲጠፋ፣ ገንዘብ ሲያልቅ፣ መንገድ ሲዘጋ ይቋረጣል፤ ግፊቱ ያኔ ተመልሶ ይወጣል፣ ሰውየው ግን ምንም አይሰማውም። ስለዚህ ከከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው ቀዶ ጥገናው ቶሎ ቢደረግ የሚሻልበት ብዙ ጊዜ ነው። ጨረር (ሌዘር)ም አለ፣ በሚገኝበት ቦታ። ለደምበጫው አባት የትኛው እንደሚሻል መርምሮ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። አንተ በሚቀጥለው ቀጠሮ ጥያቄህን በወረቀት ጽፈህ ግባ፤ «ቀኙን ዓይን ለማትረፍ የትኛው ይሻላል? እኛ ጠብታ በየወሩ ላናገኝ እንችላለን» በለው። ወረፋው ቢረዝምም ይሄን ጥያቄ ሳይመለስልህ አትውጣ።

ሪፈርህንም ያዝ። ጤና መድን ካላቸው ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳትይዝ ከሄድክ ከኪስህ ልትከፍል ትችላለህ።

ዲያቆን ነኝ፣ ደጀን

ስለ ጸበሉ ልናገር። አባትህ ጸበል መሄዳቸውን አትከልክላቸው፤ ብትከለክላቸው ጠብታህንም ይጠሉታል። ጸበሉም ይጠመቁ፣ ጠብታውም ይቀጥል። እኔ አክስቴን ጸበል ሳደርስ ብልቃጧን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥሬላት ነው የሄድነው። ሐኪም የነገረን አንድ ጥንቃቄ ብቻ ነው፦ ቅርብ ጊዜ ዓይኑ የተቀደደ ሰው ቁስሉ እስኪድን ምንም ውኃ እንዳይገባበት። ጠብታ ብቻ ለሚወስድ ይሄ አያሳስብም።

ሁለተኛ ጾሙ። ብዙ አባቶችና እናቶች «ጉሮሮዬ ላይ ስለሚመረኝ ጾሜን ያፈርስብኛል» ብለው የጠዋቱን ይተዉታል፤ በዓቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ማለት ነው። ለኔ አክስት የንስሐ አባቷ «ይሄ ሕክምና ነው፣ አትተዪው» አሏት። አንተም የአባትህን የንስሐ አባት ሄደህ አናግር። አባትህ ከአንተ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ። በዚያ ላይ የማታው ጠብታ ከጾም ጋር የሚጋጭበት ነገር የለውም።

ፍኖተ ሰላም

አባትህን ስታስታምም የራስህን ዓይን አትርሳ። ግላኮማ በዘር ይሄዳል። እናት ወይም አባት፣ ወንድም ወይም እህት ያለበት ሰው ዕድሉ ከሌላው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስንት ዓመትህ ነው? ከ40 ካለፍክ ዛሬ ነገ አትበል። እህት ወንድሞችህንም ይዘህ ሂድ።

ሌላ ደግሞ ማንም ያላነሳው አለ። እኔ ገና 33 ዓመቴ ነው፣ አሁን የግላኮማ ታማሚ ነኝ። ከልጅነቴ ዓይኔን ያሳክከኝ ነበር፣ አቧራና ፀሐይ ሲሆን ይብስብኛል። አንድ ጊዜ ዴክሳሜታዞን የሚባል ጠብታ ታዘዘልኝ፤ በሁለት ቀን ፀጥ አደረገልኝ። ከዚያ በኋላ ማን ሐኪም ይጠይቃል? ባሳከከኝ ቁጥር ያለ ወረቀት እየገዛሁ ስድስት ዓመት ተጠቀምኩ። መድኃኒት ቤቱም ስሜን ሳልጠራ ያወጣልኝ ነበር። ለካ እሱ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በአንዳንድ ሰው የዓይን ግፊት ያወጣል። የግራ ዓይኔን ዳር ዳሩን አጥቻለሁ። ሲታዘዝ ለተባለው ቀን ብቻ ጥሩ መድኃኒት ነው። ልጆቻችሁን ዓይን እያሳከካቸው ይሄን ብልቃጥ ቤት ያስቀመጣችሁ ወላጆች ግን እባካችሁ፣ እባካችሁ ግፊታቸውን አስለኩ።

እንጅባራ 21

አጭር ጥያቄ። ሴት አያቴ ትናንት ማታ ድንገት አንድ ዓይኗ ቀልቶ፣ ግማሽ ጭንቅላቷን እየፈለጣት፣ ሁለት ጊዜ አስመለሳት። መብራት ስታይ ዙሪያውን ቀስተ ደመና ይታየኛል ትላለች። ቤተሰቡ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ እያሸተታት ነው። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

የዓይን ነርስ፣ ባሕር ዳር

አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳት። ነገ አትበል። ይሄ የግላኮማ ሌላው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የውኃው መውጫ በአንድ ጊዜ ግጥም ብሎ ሲዘጋ እንዲህ ያደርጋል። በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ዓይን ይጠፋል። ስታስመልስ ስላዩ ለሆድ ብቻ መድኃኒት ሰጥተው እንዳይመልሷችሁ፤ «ዓይኗ ቀልቷል፣ እይታዋ ደብዝዟል» ብለህ ከመግቢያው ጀምረህ ተናገር። ደርሳችሁ ጻፍልኝ።

እንጅባራ 21

መኪና አግኝተን እየወጣን ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ሞጣ ነኝ

ለደምበጫው፣ ስለ መስኮቱ ረሳሁት። ላታኖፕሮስት ሳይከፈት ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከተከፈተ በኋላ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ቦታ ይበቃዋል፤ የኛ ደጋ ለሱ ደግ ነው። ከተከፈተ በኋላ ግን የተወሰነ ሳምንት ነው ዕድሜው፤ ወረቀቱ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይላል። የከፈታችሁበትን ቀን ብልቃጡ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉበት። ከአዲስ አበባ ሰው የሚልክላችሁ ከሆነ ደግሞ ዓባይ በረሃን ሲያልፍ ሾፌሩ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ እንዳያስቀምጠው ንገሩት። እኛ አንዴ እንደዚያ የመጣ ብልቃጥ እንደ ሻይ ሞቆ ነው የደረሰን፣ ጣልነው። አንድ ትርፍ ብልቃጥም ሁልጊዜ ይኑራችሁ። የመንገዱን ነገር ታውቃለህ።

አማኑኤል

እናቴ 71 ናት፣ እስካሁን ምንም አላመማትም፣ እይታዋም ደህና ነው። እሷም መታየት አለባት? ወይስ ዝም ብዬ ላስጨንቃት?

የዓይን ነርስ፣ ባሕር ዳር

አዎ፣ መታየት አለባት። «ምንም አላመመኝም» የሚለው ለዚህ በሽታ ማስረጃ አይሆንም። ከ40 በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከ60 በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ነው። ስትሄዱ ፊደል ብቻ አስነብበው ቢመልሷችሁ አልታየችም ማለት ነው። ግፊት ትለካ፣ ነርቩም ይታይላት። ግፊቱ 21 ሳይሞላ ነርቩ የሚጎዳ ሰው አለና ግፊት ብቻውን አይበቃም። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ሊያደርጉባት ይችላሉ፤ ለጥቂት ሰዓት ብርሃን ይወጋታል፣ ስለዚህ ብቻዋን አትላካት፤ ጥላም ያዝላት።

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ በሞራ የታወሩ ነበሩ፣ 5.2 በመቶ ደግሞ በግላኮማ። ቁጥሩን ሲያዩት ሞራው ይከብዳል። ግን ሞራ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቢዘገይም ተገፍፎ ያያል። በግላኮማ የታወሩት ግን መመለሻ የላቸውም። ዘመቻ መጠበቅ የሚቻለው ሞራ መሆኑ ተመርምሮ ሲታወቅ ብቻ ነው።

የደምበጫው ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ነው የተመለስኩት፣ ኔትወርክ አልነበረም።

አባቴ አስም የለባቸውም፣ የልብ ምታቸውም ታየ፣ ደህና ነው። የእርከኑን ነገር ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ የግራው ሄዷል በለኛ» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ያንን ማለት ከብዶኝ ነበር። «እንግዲያስ ቀኙን እንያዝ» አሉ። ጠብታውን አሁን ታናሽ ወንድሜ ነው የሚጨምርላቸው፤ የማታውን ከራት በኋላ። የንስሐ አባታቸውም መጥተው አናገሯቸው። ባለፈው ሳምንት ሲለኩ ቀኙ 19 ሆኗል። ለግራው ቀዶ ጥገና ሐኪሙ አልመከረም፤ ቀኙ በጠብታ ካልጸና ግን ይቀደዳል ብሎ ለሁለት ወር ቀጠረን።

እኔ 42 ዓመቴ ነው። ተለካሁ፣ 24 እና 25። ነርቩ ገና አልተነካም ተብዬ በየስድስት ወሩ ክትትል ላይ ነኝ። እህቴ ደህና ናት። ወንድሜ በሚቀጥለው ወር።

ማኅበርተኛቸውን ደግሞ ራሴ ቤታቸው ድረስ ሄጄ አስረዳኋቸው። ሽማግሌው አለቀሱ። ባለፈው ሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አየኋቸው። ዞረው በፊት ለፊት መጡ፣ ቆም አሉ፣ ስማቸውን ጠርተው ሰላም አሏቸው። አባቴ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

እንጅባራ 21፣ አያትህ እንዴት ሆኑ?

እንጅባራ 21

ደርሰናል። ግፊቷ 56 ነበር። በመድኃኒት አውርደውላት በማግስቱ በጨረር ተሠራላት፣ ሌላውም ዓይኗ እንዳይደገምበት አብሮ ተሠራ። ፊት ታያለች፤ የተጻፈ ነገር ግን ገና አልለየችም።